ለኢ-መጽሐፍ የሚሆን ሥዕል ምን ያህል የጠራ ይሁን?



ባለፈው የጥናት ወራት አንድ የቆየ የርስት ጽሑፍ በስልክ ተቀባብለን ስናነብ፥ ግብሩን «ከፈለ» ነው የሚለው ወይስ «ከፈሉ» በሚል ተከራከርን። ገጹን ባሰፋነው ቍጥር ፊደሉ ይበልጥ ደበዘዘ። ጥፋቱ የጸሐፊው ሳይሆን የፎቶግራፉ ነበር።

ዲጂታል ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው። ጥራቱም በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ነጥቦች ብዛት ይለካል። ለምሳሌ 3 ሚሊሜትር ቁመት ያለውን «ሉ» እንውሰድ። በኢንች 72 ነጥብ ቢነሣ ቁመቱ ከ8 እስከ 9 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ከ«ለ» የሚለየው ቅጥያም ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። በ300 ቢነሣ ግን ፊደሉ 35፥ ቅጥያው ከ3 በላይ ነጥብ ያገኛል። ለጽሑፍ 300 ይሁን የሚባለው ስለዚህ ነው።

ይህን ለማግኘት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሥዕሉ 4000 በ3000 ነጥብ የሆነ ስልክ አንድ የኤ4 ገጽ ሙሉውን ቢያነሣ በኢንች 340 ያህል ይደርሳል። ሁለት ገጽ ባንድ ጊዜ ቢያነሣ ግን ወደ 240 ይወርዳል። እንግዲህ ገጹን ለየብቻ፥ በቂ ብርሃን ባለበት፥ ስልኩን ሳያዘነብሉ ማንሣት ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት መጨመቅ ነው። ጄፔግ የተባለው አቀማመጥ ፋይሉን ለማሳነስ ከሥዕሉ ጥቂት ይጥላል፤ ጉዳቱም በፊደል ጠርዝ ላይ ይብሳል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶግራፍ የተላከ ገጽም ይጨመቃል፤ በፋይል መልክ ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የጠፋውን ነጥብ በኋላ በኮምፒዩተር ማሳደግ አይመልሰውም።

ነገሩ ከነጥብ ቍጥር ያልፋል። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቅጂ አትርፎልናል፤ ውለታውም ትልቅ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ፥ ጸሐፊው በቀይ ቀለም የለየው ቅዱስ ስም ከጥቁሩ ጋር ተመሳስሎ ቀረ። በዲማ ጊዮርጊስ፥ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ያሉትን የብራና መጻሕፍት ነገ ለማንሣት የደብሩን ፈቃድ የምናገኝ ከሆነ፥ ይህን ስሕተት ልንደግመው አይገባም። ብራና በተገለጠ ቍጥር ይጎዳልና ሁለተኛ ዕድል አይገኝም ብለን እንነሣ።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ዋናውን ሥዕል በቀለም፥ ቢያንስ በኢንች 300 ነጥብ፥ ሳይጨመቅ በቲፍ ማስቀመጥ፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ መያዝ። ከዚያ ለአንባቢ የሚሆነውን ቀላል ቅጂ ከዋናው ማውጣት። ከትልቁ ትንሹ ይወጣል፤ ከትንሹ ግን ትልቁ አይወጣም። በመጨረሻም በገጹ ላይ እጅግ ደቃቁን ፊደል መርጦ በስልክ ገበታ ላይ ማንበብ ነው። እሱ ከተነበበ ሌላውም ይነበባል። ካልተነበበ ግን መጽሐፉ ገና በእጅ ሳለ ደግመን እናንሣው።