ጣባው ለዓረፋ ሲወርድ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዓረፋ ሲቃረብ ከመደርደሪያ ከሚወርዱት ዕቃዎች አንዱ ጣባ ነው። ክትፎና አይብ ያለ ጣባ አይደምቅም። ይሁንና ከርሞ የወረደ ጣባ አቧራው ብቻ ተጠርጎ ለማዕድ የሚቀርብበት ቤት አለ። ይህ ለጤና አያስተማምንም።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የአገራችን ሸክላ በገላጣ እሳት ስለሚተኮስ ሙቀቱ ጠንካራው የፋብሪካ ሸክላ የሚጠይቀውን 1200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ አይደርስም። ስለዚህ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀሩታል። በእነዚህ ቀዳዳዎች ቅቤና የሥጋ ፈሳሽ ይሰርጋል፤ ቅቤው ሲቆይ ሽታው ይለወጣል፣ እርጥበት ካገኘም ይሻግታል። ሳሙናና በረኪናም እንዲሁ ይሰርጋሉ፤ ኋላ ትኩስ ምግብ ሲገባበት ተመልሰው ይወጣሉ። እህቶች ሆይ፣ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ጣባ የሚያበራው ለዓይን ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታጠብ? እንደተበላ ቅባቱን በደረቅ ነገር ጥረጉት። ጣባው ሲበርድ በሙቅ ውኃና በንጹሕ ቃጫ እሹት። ከእሳት እንደወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ካፈሰሳችሁበት ይሰነጠቃል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን አድርቁት፤ ውስጡ ሳይደርቅ አትደራርቡት። ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃ እንዲከደን ማዘዛቸው የታወቀ ነው።

የከረመውን ጣባ ውኃ ሞልታችሁ በቀስታ አሙቁና አሽትቱት። ከሸተተ ውኃውን ደፍታችሁ ድገሙት። ሁለት ሦስቴ ተደጋግሞም ካልለቀቀው፣ ወይም ስንጥቅ ካለው፣ የደረቀ እህል መያዣ ይሁን። ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በማጣበቂያ ደፍኖ ምግብ ማቅረብ ግን አይገባም።

እናቶቻችን ክትፎውን ኮባ አንጥፈው ማቅረባቸው ለውበት ብቻ አይመስለኝም፤ ቅጠሉ ቅቤውን ከሸክላው ይከልላል።

አንድ ነገር ግን አይምታታብን። ጣባው የቱንም ያህል ቢጸዳ የጥሬ ሥጋን ጉዳት አያስቀርም። የኮሶ ትል የሚመጣው ከሥጋው ነው፤ ለብ ለብ ማድረግም አይገድለውም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሥጋው በደንብ ይብሰል።

ከገበያ የሚገዙ ባለ ቀለም አብረቅራቂ የሸክላ ዕቃዎችስ? አንዳንዱ ቀለም እርሳስ አለበት፤ ሎሚና ቲማቲም የመሰለ ኮምጣጣ ምግብ ያሟሟዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለምግብ መሠራቱ ካልተረጋገጠ ለጌጥ ይቀመጥ።