የሰም ትልና የችግኝ ፕላስቲክ

ጥያቄ፦ ቴፒ አካባቢ የቡና ችግኝ አፈላለሁ፤ ቀፎም አለኝ። ከማር እንጀራ ለቅሜ በፌስታል የቋጠርኩት ትል ፌስታሉን በሳስቶ ወጣ። የችግኝ ፕላስቲክ ክምር ላይ ብለቀው ይጨርስልኛል?

መልስ፦ ያዩት እውነት ነው። ትሉ የሰም እሳት እራት እጭ ነው። ስፔን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ፌዴሪካ ቤርቶኪኒም ከቀፏቸው ያወጡት ትል ፌስታል ሲበሳ አይተው ነው ጥናቱን የጀመሩት፤ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ። በኋላም በትሉ ምራቅ ውስጥ ፕላስቲክን በሰዓታት ማፍረስ የሚጀምሩ ኤንዛይሞች ተገኙ። ሰምም ፌስታልም ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለት አላቸውና፣ ለሰም የተፈጠረው አፍ ፕላስቲኩንም ይደፍራል።

መጨረስ ግን ሌላ ነው። በ2017ቱ ጥናት 100 ያህል ትሎች በ12 ሰዓት የቀነሱት 92 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በዚህ ፍጥነት ሌት ተቀን ቢበሉ እንኳ ለአንድ ኪሎ 15 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ፕላስቲክ ብቻ በልተውም አይፋፉም፤ ከሲታ ሆነው ይሞታሉ።

ደግሞ እባክዎ አያርቡት! አድጎ እሳት እራት ሲሆን በርሮ ደካማ ቀፎ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ ማርም እንዲህ ይጠፋል። የተጠቃውን እንጀራ አውጥተው ያቅልጡት። ፕላስቲኩን ችግኙን ሲተክሉ ጉድጓድ ውስጥ ሳይተዉ ይሰብስቡ፣ አያቃጥሉት፤ ያልተቀደደውን አጥበው ለከርሞ መደብ ይጠቀሙበት።