ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሀገረ ስብከት፦ የሬድፈርን ማሮናውያን ስደተኞች ቁምስና አመሠራረትና ዕድገት

መግቢያ

በአውስትራልያ ሲድኒ ከተማ፣ ሬድፈርን በሚባለው ሰፈር የቅዱስ ማሩን ቤተ ክርስቲያን በ1897 ተከፈተ። የአውስትራልያ ማሮናውያን የራሳቸውን ሀገረ ስብከት ያገኙት ግን በ1973 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ ክንውኖች መካከል 76 ዓመታት አሉ። የስደተኛ አጥቢያዎች ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ቀጥ ባለ መስመር ነው፤ ጥቂት ቤተሰቦች ይመጣሉ፣ ካህን ያስመጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሠራሉ፣ ከዚያም ማኅበረሰቡ ይሰፋል። የሬድፈርን ታሪክ ግን በዚህ መስመር አይሄድም። ይህ ጽሑፍ ቁምስናውን የመሠረቱት ምክንያቶችና ቁምስናውን ያሳደጉት ምክንያቶች የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። ከዚህም አልፎ፣ ሕንጻውን ያቆመው የንግድ ሥርዓት ምእመናኑን የበተነውም እርሱ ራሱ እንደ ነበረ ይከራከራል።

የስደቱ መነሻ

ማሮናውያን መነሻቸውን ከአራተኛው መቶ ዘመን ሶርያዊ መናኝ ከቅዱስ ማሩን የሚቆጥሩ ምሥራቃውያን ካቶሊካውያን ናቸው። በኢትዮጵያ የግዕዝን ሥርዓት እንደሚከተሉት ካቶሊካውያን ሁሉ፣ ከሮም ጋር ያላቸውን አንድነት ጠብቀው በራሳቸው ሥርዓተ አምልኮ ይጸልያሉ። የቅዳሴያቸው ቋንቋ ከዐረብኛ ጋር ሱርስት ነው። መሪያቸውም በሊባኖስ ተራራ የሚቀመጠው ፓትርያርክ ነው።

በ1860 በሊባኖስ ተራራ የደረሰው እልቂት፣ ቀጥሎም በ1861 የተቋቋመው ልዩ አስተዳደር የአካባቢውን ኑሮ ለወጡት። ሆኖም በ1880ዎቹና ከዚያ በኋላ ለተስፋፋው ስደት ፖለቲካ ብቻውን በቂ ማብራሪያ አይሆንም። የተራራው ገበሬ ኑሮ በሐር ምርት ላይ የቆመ ነበር፤ ሐሩም የሚሸጠው በአብዛኛው ለፈረንሳይ ፋብሪካዎች ስለ ነበረ፣ የዓለም ገበያ ዋጋ ሲወርድ ቤተሰቡ አብሮ ይወርዳል። መሬቱ ጠባብ፣ የሕዝቡም ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ነበር። ስለዚህ ወጣቶች ወደ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ጥቂቶችም ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ። ወደ ሲድኒ የመጡት ማሮናውያን ብዙዎቹ ከሰሜን ሊባኖስ መንደሮች፣ ከብሻሪ፣ ከከፍርስጋብና ከሐድሺት ነበሩ። አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙም የአጎቱን ልጅ ይጠራ ነበር። አገራቸው በዑስማንያ ቱርክ ግዛት ሥር ስለ ነበረች የአውስትራልያ መዛግብት “ሶርያውያን” ይሏቸዋል።

መጋዘኑና መቅደሱ

ለመሰባሰቢያነት የተመረጠው ሰፈር ሬድፈርን መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሲድኒ ዋናው የባቡር ጣቢያ እስከ 1906 ድረስ በዚያው አቅራቢያ ነበር። ቀድመው የመጡ ስደተኞች በሰፈሩ የጅምላ መጋዘኖችን ከፈቱ። አዲስ መጪው ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍ፣ ዳንቴልና ጨርቃ ጨርቅ ከመጋዘኑ በዱቤ ይወስዳል፤ በአማርኛ ሱቅ በደረቴ እንደሚባለው ነጋዴም ዕቃውን ተሸክሞ በገጠሩ ይዞራል። ሴቶችም በዚህ ሥራ ይሳተፉ ነበር። ዱቤው የሚሰጠው በባንክ ማስያዣ ሳይሆን በመንደርና በቤተሰብ ትውውቅ ነው፤ መተማመኛው የአባት ስም ነበር። ነጋዴው ሸጦ ሲመለስ ዕዳውን ይከፍላል፣ አዲስ ዕቃ ይጭናል፣ ከአገር የመጣ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ከወገኖቹም ጋር ይጸልያል።

በ1893 አባ አብደላህ ያዝቤክና አባ ዩሱፍ ዳህዳህ የተባሉ ሁለት ማሮናውያን ካህናት ሲድኒ ሲደርሱ ያገኙት ይህን የተደራጀ የሰዎችና የዕቃ እንቅስቃሴ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የቅዱስ ማሩን ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። በ1895 ደግሞ ሌሎቹ ምሥራቃውያን ካቶሊካውያን፣ መልካውያን፣ በአጎራባቹ በዋተርሉ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ከፍተው ነበር፤ የአንጾኪያ ኦርቶዶክሳውያንም ብዙ ሳይቆዩ በዚያው አካባቢ የራሳቸውን ሠሩ። ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። በአውስትራልያውያን ዓይን ሁሉም አንድ ዓይነት “ሶርያውያን” ነበሩ፤ እነርሱ ግን መጋዘኑን እየተጋሩ መቅደሱን ለያዩ። ንግዱ የጋራ መሠረት ሰጣቸው፤ የማንነት ድንበሩን ያሰመረው ግን ሥርዓተ አምልኮው ነው።

ሥልጣን የሌለው ቁምስና

የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የማሮናውያን ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያናዊ ሥልጣኑ የእነርሱ አልነበረም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በኅዳር 1894 ያወጡት፣ “ኦሪየንታሊዩም ዲግኒታስ” በሚል ስም የሚታወቀው ድንጋጌ ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል የላቲን ሚስዮናውያን ምሥራቃውያንን ወደ ላቲን ሥርዓት እንዳይስቡ አጥብቆ ይከለክላል። በሌላ በኩል ከፓትርያርካቸው ግዛት ውጭ የሚኖሩ ምሥራቃውያን በላቲን ካህናት አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ፣ ነገር ግን የየራሳቸው ሥርዓት አባላት ሆነው እንዲቆጠሩ ይደነግጋል። ስለዚህ የሬድፈርን ካህናት ሥርዓቱን የተቀበሉት ከፓትርያርካቸው ሲሆን፣ ያገለገሉት ግን በዘመኑ በካርዲናል ፓትሪክ ፍራንሲስ ሞራን ይመራ በነበረው በሲድኒ ሊቀ ጳጳስ ሥልጣን ሥር ነበር።

የዚህ ውጤት በከተማ ውስጥ ብዙም አይታይም ነበር፤ በሬድፈርን ማሮናዊ ካህን አለና። ጎልቶ የታየው በገጠር ነው። ሱቅ በደረቴው ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም መዞሩን ትቶ በሚያውቃት የገጠር ከተማ ሱቅ ይከፍታል። በዚያች ከተማ ያለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን፣ ካህኑም በአብዛኛው አየርላንዳዊ ነው። ልጆቹ በዚያ ይጠመቃሉ፣ በዚያ ይማራሉ፣ በዚያ ይጋባሉ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት በላቲን ካህን እጅ መጠመቅ የልጁን ሥርዓት አይለውጥም፤ ልጁ የአባቱን ሥርዓት ይወርሳል። ይሁን እንጂ በሕግ ማሮናዊ የሆነው ልጅ በኑሮው ላቲናዊ ሆኖ ያድጋል። ሃይማኖቱን አልካደም፣ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም አልወጣም፤ ስለዚህ ጠፋ ብሎ የሚመዘግበው የለም። በሬድፈርን መሠዊያውን ያቆመው ንግድ በዚህ መንገድ የመሠዊያውን ልጆች በየገጠሩ በተነ።

የመንግሥት ሕግ ጫና

በዚሁ ዘመን ሌላ በር ተዘጋ። በ1901 የወጣው የስደተኞች መገደቢያ ሕግ መግባት የማይፈለገውን ሰው በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ የ50 ቃላት የቃል ጽሑፍ በመፈተን ለመመለስ ያስችል ነበር። የ1902 የምርጫ ሕግ የእስያ ተወላጆችን የመምረጥ መብት ነፈገ፤ የ1903 የዜግነት ሕግ ዜጋ እንዳይሆኑ ከለከላቸው፤ የ1908 የጡረታ ሕግም ከተጠቃሚነት አገለላቸው። ዑስማንያ ቱርክ የእስያ መንግሥት ተደርጋ ስለ ተቆጠረች የሊባኖስ ክርስቲያኖችም በዚህ ክልከላ ውስጥ ወደቁ። አን ሞንሱር የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ በሊባኖሳውያንና በነጭ አውስትራልያ ፖሊሲ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ወደ ንግድ ማዘንበላቸው በተፈጥሮ ዝንባሌ ብቻ የሚገለጽ እንዳልሆነና አድሎአዊ ሕጎች አማራጮቻቸውን እንዳጠበቡ ያስረዳሉ። ይህ ትንታኔ ለቁምስናው ታሪክም ይሠራል፤ ሰውን ወደ ገጠር ሱቅ የገፋው ሕግ ከማሮናዊ ካህኑም አርቆታል።

ማኅበረሰቡ ለነዚህ ሕጎች በሰጠው ምላሽ ክርስትናውን በማስረጃነት ያቀርብ ነበር፤ ክርስቲያኖች ነን፣ ከእስያውያንም ጋር ልንመደብ አይገባንም የሚል አቤቱታ ተደጋግሞ ተሰምቷል። ስለዚህ በሬድፈርን የቆመው ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ ብቻ ሳይሆን በአገሬው ዘንድ ለመታወቅም አገልግሏል። ግን ይህ ራሱ አጣብቂኝ ነበረው። እንደ ማንኛውም ካቶሊክ ነን ለማለት የሚረዳው ወደ ላቲኑ መቅረብ ነው፤ ወደ ላቲኑ መቅረብ ደግሞ የሱርስት ቅዳሴን ለልጅ ልጅ ማስተላለፍን ያዳክማል። በ1920 የወጣው የዜግነት ሕግ ክልከላውን ሲያስቀር ሶርያውያን ዜግነት ማግኘት ቻሉ። ከአገር ቤት የሚመጣው ሰው ግን በዝቶ አልቀጠለም፤ በ1947 የሕዝብ ቆጠራ በሊባኖስ የተወለዱት የአውስትራልያ ነዋሪዎች ከ2,000 በታች ነበሩ።

ሁለተኛው ምሥረታ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ስደተኞች የሄዱት ወደ ገጠር ሱቅ ሳይሆን ወደ ከተማ ፋብሪካ ነው። መኖሪያቸውም ከሬድፈርን እየራቀ በምዕራባውያን የሲድኒ ሰፈሮች፣ በተለይም በሃሪስ ፓርክና በፓንችቦውል ተስፋፋ። በአንድ ከተማ ተሰባስቦ መኖር ቀድሞ ያልነበረ ዕድል ከፈተ። በ1968 የቅድስት ቤተሰብ ማሮናውያት ደናግል ወደ ሲድኒ መምጣታቸው ትኩረቱን ከካህን ወደ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት አሰፋው። በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ያወጣው ድንጋጌ ምእመናን የትም ቢኖሩ ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ፣ መዋቅርም እንዲደራጅላቸው አዝዞ ነበር። በሰኔ 1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የሲድኒን የቅዱስ ማሩን ሀገረ ስብከት አቋቋሙ፤ አቡነ አብዶ ኸሊፌም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ።

እዚህ ላይ የዘመን ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ይገባል። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት የተቀሰቀሰው በ1975 ነው፤ የአውስትራልያ መንግሥት ለሊባኖሳውያን የመግቢያ መስፈርቶችን ያላላው በ1976 ነው። ስለዚህ ሀገረ ስብከቱ በጦርነቱ የተሰደዱትን ለመቀበል የተፈጠረ ሳይሆን፣ ሲመጡ ቀድሞ የጠበቃቸው ተቋም ነው። በ1981 በሊባኖስ የተወለዱት የአገሪቱ ነዋሪዎች ወደ 50,000 ተጠግተው ነበር። በእርግጥ ሁሉም ማሮናውያን አልነበሩም፤ ብዙ ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሳውያን በመካከላቸው ነበሩ። ሆኖም ማሮናዊው ስደተኛ እንደ 1890ዎቹ መጪ በላቲን መዝገብ ውስጥ አልተዋጠም፤ የራሱ ጳጳስ፣ የራሱ ቁምስናና የራሱ ትምህርት ቤት አገኘ።

ማጠቃለያ

የሬድፈርን ታሪክ ከሚያስተምረው ዋናው ነገር፣ የስደተኛ ቁምስና ዕድገት በሕንጻ ዕድሜ እንደማይለካ ነው። የ1897ቱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ትውልድ አሰባሰበ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ብቻውን ሊይዝ አልቻለም። ለቀጣይነት ሦስት ነገሮች በአንድነት አስፈለጉ፦ የሕዝቡ በአንድ አካባቢ መሰባሰብ፣ ልጆች ሥርዓቱን የሚማሩበት ተቋም፣ ሕዝቡን የራሱ አድርጎ የሚመዘግብ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን። በ1897 አንዱም የተሟላ አልነበረም፤ በ1973 ሦስቱም ተገናኙ።

ከዚህ የሚከተል የምርምር አቅጣጫም አለ። የአንድን ስደተኛ ቁምስና ታሪክ በራሱ መዛግብት ብቻ የሚጽፍ ተመራማሪ የሚያገኘው የቀሩትን ታሪክ ብቻ ነው። የሄዱት በላቲን የገጠር አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ውስጥ፣ አንዳንዴም ስማቸው በእንግሊዝኛ አጠራር ተለውጦ ይገኛሉ። ሁለቱን መዛግብት ጎን ለጎን ማንበብ አንድ ማኅበረሰብ እንዴት እንዳደገ ብቻ ሳይሆን፣ ለዕድገቱ በስንት ትውልድ ዋጋ እንደ ከፈለ ያሳያል።