የተሰረዘው 2 የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዋይ = (ኤክስ² − 4) ÷ (ኤክስ² − 2ኤክስ) የሚለውን ራሽናል ፈንክሽን አቃልዬ (ኤክስ + 2) ÷ ኤክስ አገኘሁ። ዶሜይኑ ከ0 በስተቀር ሁሉም ቁጥር ነው ብዬ ብመልስ ተሳስተሃል ተባልኩ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ሬንጁስ?

መልስ፦ ማቃለልህ ልክ ነው፤ የቸኮልከው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዶሜይን የሚፈለገው ምንም ሳይሰረዝ፣ ከመጀመሪያው ታህት ነው። ታህቱ ኤክስ(ኤክስ − 2) ስለሆነ በ0ም በ2ም ዜሮ ይሆናል። (ኤክስ − 2)ን ስትሰርዝ 2 ከዓይንህ ተሰወረ እንጂ ክልከላው አልተነሳም።

ብዙ ጎበዝ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ሬንጁ ላይ ነው። ከተቃለለው ተነስተህ ኤክስን ለብቻው አውጣ፤ ኤክስ = 2 ÷ (ዋይ − 1) ይመጣል። ስለዚህ ዋይ 1 መሆን አይችልም። እዚህ ግን አታቁም። የታገደውን 2 በተቃለለው ውስጥ ተካ፤ (2 + 2) ÷ 2 = 2። ዋይ 2 የሚሆነው ኤክስ 2 ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ወጥቷል። ግራፉ ላይ በ(2፣ 2) ክፍት ክብ የምንስለውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ዶሜይኑ ከ0ና ከ2 በስተቀር፣ ሬንጁ ደግሞ ከ1ና ከ2 በስተቀር ሁሉም ሪል ቁጥሮች ናቸው። ፈተና ላይ መሰረዝ ከመጀመርህ በፊት ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉትን ቁጥሮች ወረቀትህ ጥግ ላይ ጻፋቸው።