የግፊት መለኪያዎች አለዋወጥና በንግድ ሥራ ላይ ያላቸው ጥቅም

ነጋዴ ጨርቅ ሲገዛ በሜትር፣ ቡና ሲሸጥ በፈረሱላ፣ እህል ሲያስጭን በኩንታል መሆኑን ሳያረጋግጥ ዋጋ አይቆርጥም። ቁጥሩ ተነግሮ መለኪያው ካልተነገረ ውሉ እንደማይጸና ያውቃልና። ጎማ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ሲሸጥና ሲገዛ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ሠላሳ አምስት ሙላው» ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ምን እንደ ሆነ ግን አይጠየቅም።

ግፊት ማለት በተወሰነ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መጠን ነው። የእንግሊዝን ፓውንድና ኢንች የያዙ አገሮች በካሬ ኢንች ላይ የሚያርፈውን ፓውንድ፣ ይኸውም ፒ.ኤስ.አይ. የሚባለውን ይጠቀማሉ። የሜትርን ሥርዓት የተከተሉት ደግሞ ባርን፣ ወይም በካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈውን ኪሎግራም ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ ፓስካል የተባለውን ስም ለግፊት መለኪያ አጸደቀ። ዕቃ ከየአገሩ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉንም በየካርቶኑ ላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ የሚከተለውን ምንዛሪ በመዝገቡ ላይ ጽፎ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

1 ባር = 100 ኪሎፓስካል
1 ባር = 14.5 ፒ.ኤስ.አይ.
1 ባር = 1.02 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር
1 ባር = 750 ሚሊሜትር ሜርኩሪ
1 ባር = 10.2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ

ፒ.ኤስ.አይ.ን ወደ ባር ለመለወጥ በ14.5 ማካፈል፣ ባርን ወደ ፒ.ኤስ.አይ. ለመለወጥ በ14.5 ማባዛት ነው። በዚሁ መሠረት 35 ፒ.ኤስ.አይ. 2.4 ባር ይሆናል። ጎሚስታው በካሬ ሴንቲሜትር ኪሎግራም የሚያነብ መለኪያ ይዞ «ሠላሳ አምስት» የተባለውን 3.5 ነው ብሎ ቢሞላ ግን፣ በጎማው ውስጥ ወደ 50 ፒ.ኤስ.አይ. የሚጠጋ ግፊት ያስገባል። ይህ ስሕተት የጎማ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ሊያስከፍል ይችላል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የአየር ግፊት ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል የሜርኩሪ መለኪያ አስይዞ ተራራ ባስወጣው ጊዜ፣ ሜርኩሪው ከፍታው በጨመረ ቁጥር እየወረደ መሄዱ ታየ። የፓስካልም ስም ለመለኪያው የተሰጠው ለእርሱ መታሰቢያ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ማለት 1.013 ባር ወይም 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወደ 540 ሚሊሜትር፣ ማለት ወደ 0.72 ባር ወይም 10.4 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ይላል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ በነበረችው በሰላ ድንጋይና በአካባቢዋ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ የሚነግድ ሰው ለሒሳቡ ይህን ቁጥር መያዝ ይበቃዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በሦስት ዕቃዎች ላይ ጎልቶ ይታያል።

አንደኛ፣ የጭነት መኪና ጎማ። የጎማ መለኪያ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በጂቡቲ 120 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ ወደ ደጋው ቢደርስ 124 ያህል ያሳያል። ነገር ግን ጎማው በ35 ዲግሪ ሙቀት ተሞልቶ በደጋው ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ ቢለካ፣ ንባቡ ወደ 113 ይወርዳል። ብርዱ ከከፍታው ይልቅ ይበረታልና። ስለዚህ ጎማ መለካት ያለበት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። በማለዳ ልክ የሆነው ጎማ ቆላ ሲወርድና ሲግል ንባቡ ቢጨምር፣ አየሩን ማስተንፈስ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር። በሞተሩ ላይ «40 ሜትር» የሚል ቢጻፍ፣ ሲገፋ 4 ባር ያህል ወይም 57 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ያወጣል ማለት ነው፤ ቱቦውም ይህን የሚችል መሆን አለበት። ከጉድጓድ ወደ ላይ መሳብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመሬት በላይ የሚተከል ሞተር ውሃውን ሲስብ ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ስለ ሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ ከ10.3 ሜትር፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ ደግሞ ከ7.3 ሜትር በላይ ሊስብ አይችልም። በሥራ ላይ ሲውል ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ «8 ሜትር ይስባል» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ለደጋ ገበሬ የሸጠ ባለሱቅ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ደንበኛውን ያጣል። ለጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚሰጥመውን ዓይነት ማቅረብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የእንፋሎት ድስት። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሥጋ በክፍት ድስት ቶሎ አይበስሉም። ከውጭው አየር በላይ 1 ባር ግፊት የሚይዝ ድስት በባሕር ወለል እስከ 121 ዲግሪ፣ በደጋው ግን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ያደርሳል። ስለዚህ ከድስቱ ጋር የሚመጣው የማብሰያ ጊዜ ለደጋ ያጥራል። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ቢነግር ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም። ይሁን እንጂ ቶሎ እንዲያበስል ብሎ የመተንፈሻውን ክዳን በሌላ ክብደት መጫን እጅግ አደገኛ መሆኑን አብሮ ማስጠንቀቅ ግዴታው ነው።

በጠቅላላው ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውን፣ ዕቃው የሚሠራበትንም ቦታ ከፍታ ይጻፍ። ዕቃው ሲደርስም በሣጥኑ ላይ ያለው መለኪያ ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑን አይቶ ይረከብ። ይህ የአንድ መስመር ጽሕፈት ከብዙ ኪሣራና ከብዙ ክርክር ያድናል።