ኢሜይላችንን በማጣሪያ በኩል እንዴት እናሳልፍ?

ጥያቄ፦ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ዝንጅብል የምንነግድ ነን። የድርጅታችን ኢሜይል በአጭበርባሪ መልእክት ስለተጥለቀለቀ የማጣሪያ አገልግሎት ገዛን። ዶሜይናችን ላይ ምን እንቀይር?

መልስ፦ የምትቀይሩት የኤምኤክስ መዝገቡን ነው። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚደርሳችሁ ሁሉ፣ ላኪው ሰርቨርም ኢሜይሉን የሚያደርሰው ይህ መዝገብ ወደሚያመለክተው አድራሻ ነው።

መጀመሪያ ዶሜይናችሁን፣ የሠራተኞቻችሁን አድራሻዎችና የኢሜይል ሰርቨራችሁን ማጣሪያው ላይ አስመዝግቡ። የመዝገቡ ቲቲኤል (ሌሎች ሰርቨሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) 86400 ሰከንድ ከሆነ ከለውጡ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ወደ 300 አውርዱት፤ ለውጡ ቶሎ ይሰራጫል። ከዚያ ነባሩን ኤምኤክስ በማጣሪያው አድራሻዎች ተኩ። ቅድሚያ የሚያገኘው ትንሹ ቁጥር ነው፤ 10 ከ20 ይቀድማል።

አደራ፣ አሮጌውን ኤምኤክስ «ለመጠባበቂያ» ብላችሁ አታስቀሩት። አጭበርባሪዎች ሆን ብለው የሚገቡት በዚያ በር ነው። ለውጡ ከተሰራጨ በኋላም ሰርቨራችሁ ከማጣሪያው ብቻ እንዲቀበል በፋየርዎል ዝጉት።

ወጪ ኢሜይላችሁም በማጣሪያው የሚያልፍ ከሆነ በዶሜይናችሁ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች በሚዘረዝረው የኤስፒኤፍ መዝገባችሁ ላይ ማጣሪያውን ጨምሩ። ሁለተኛ ኤስፒኤፍ ግን አትፍጠሩ፤ ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከውጭ አድራሻ የሙከራ ኢሜይል ላኩ።