ጡትን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና፦ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ



ጡት ከመጠን በላይ ሲከብድ የአንገት፣ የትከሻና የጀርባ ሕመም ያስከትላል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻን ያሰረጉዳል። በሚዛንና በቴፒ ሙቀት ደግሞ ከጡት ሥር ያለው ቆዳ በላብ ይቆስላል። ይህ የጤና ችግር እንጂ ቅንጦት ስላልሆነ ለሐኪም መናገር አያሳፍርም። በሚዛን አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል መርምሮ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሊልክዎ ይችላል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እና የአለርት ሆስፒታሎች የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አሏቸው።

ከመወሰንዎ በፊት

1. ልጅ መውለድ ያስባሉ? ቀዶ ሕክምናው የወተት ቧንቧዎችንና ነርቮችን ሊቆርጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ እናቶች በደንብ ያጠባሉ፤ የሌሎች ወተት ግን ለሕፃኑ አይበቃም። በእርግዝናም ጡት መጠኑን ይለውጣል። ስለዚህ ዕቅድዎን ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ለሐኪሙ ይንገሩ።

2. የሚወስዱት መከላከያ ምንድን ነው? ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ከትልቅ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲገጣጠም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ ይጨምራል። ሐኪሙ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲያቆሙት ሊያዝዝ ይችላል። በራስዎ አያቋርጡ። በቅድሚያ ወደ ክሊኒክ መጥተው በኮንዶም ወይም በክንድ በሚቀበረው መከላከያ ይተኩት።

3. ጊዜዎን ይምረጡ። የቡና ለቀማው ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ለማረፍ ይመቻል።

4. ጡትዎ ላይ እብጠት ካለ አስቀድመው ይመርመሩ። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ትንባሆ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። የሚወስዱትን የባህል መድኃኒትና አስፕሪን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያንሡ። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የቡና ጆንያማ ከዚያም ይበልጣል። ውኃ መቅዳትና እንጨት መሸከም የቤተሰቡ ተራ ይሁን። ይሁን እንጂ ተኝተው አይዋሉ፤ በቀስታ መራመድ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ሐኪሙ ያዘዘውን ደጋፊ የጡት መያዣ ያድርጉ፤ ቁስሉን በንጽሕና ይያዙ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለሆነ የመጀመሪያው ምርመራ ሳይደረግልዎ አይሳፈሩ። አውቶቡሱ ጅማና ቦንጋ ሲቆም ወርደው ይራመዱ።

ትኩሳት፣ መግል፣ የጡት ጫፍ መጥቆር፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየብዎ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በኋላ ከወለዱ ደግሞ ይህን ያስታውሱ። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባዎ ካልተመለሰ ነው። ወተትዎ አንሶ ሌላ ወተት ከጨመሩለት በዚህ ዘዴ አይተማመኑ፤ ወደ ክሊኒክ መጥተው ሌላ መከላከያ ይምረጡ።